ሞተሪኖው ነው ከማለታችሁ በፊት

«የመጋቢ ሚስት ስለ መኪና ሞተሪኖ ምን አገባት?» ትሉኝ ይሆናል። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል በሚመላለስ አንድ ሚኒባስ በሚተዳደር ቤት ግን ጠዋት መኪናው አልነሳም ሲል የሚቆመው ጎማው ብቻ አይደለም። የቤት ኪራዩና የልጆች የትምህርት ወጪም ይቆማል። ባል «ሞተሪኖው ሞቷል፣ አዲስ ይገዛ» ይላል፤ ሚስት «ባለፈው ወርም ለመለዋወጫ ብለህ ወስደሃል» ትላለች። ክርክሩ ከመኪናው ወጥቶ መተማመን ላይ ያርፋል።

ሞተሪኖ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ከባትሪው ኃይል ተቀብሎ ትልቁን ሞተር አዙሮ ያስነሳል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1911 ሠርቶት በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ከመገጠሙ በፊት፣ ሰዎች አብዛኛውን መኪና የሚያስነሡት በብረት ዘንግ በእጃቸው እያዞሩ ነበር፤ ዘንጉ ወደ ኋላ ሲመታም ክንድ ይሰብር ነበር።

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተር ዘይትም ያወፍራል። ስለዚህ ማለዳ በሞተሪኖው የሚሳበበው ጥፋት ብዙ ጊዜ የሌላ ነው። ምርመራውን ከርካሹ ጀምሩ።

በመጀመሪያ ማርሹን ፍሪ አድርጉ፤ የእጅ ፍሬኑን ያዙ። የፊት መብራቱን አብሩና አንዳችሁ ቁልፉን አዙሩ፤ ሌላችሁ ውጭ ሆናችሁ ተመልከቱ፣ አድምጡም። መብራቱ በጣም ከደበዘዘና «ጣ ጣ ጣ» የሚል ተከታታይ ድምፅ ከተሰማ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። በማሰሪያው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ፣ መጀመሪያ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትታችሁ አጽዱና አጥብቃችሁ እሰሩ። ከሻንሲው ጋር የሚታሰረውንም ገመድ አትርሱ።

መብራቱ ሳይደበዝዝ አንድ ጊዜ ብቻ «ጣ» ብሎ ዝም ካለ፣ ሶሌኖይዱ ወይም የሞተሪኖው ካርቦን ያለቀ ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖው ብቻውን እየጮኸ ትልቁ ሞተር ካልዞረ ጥርሱ አልያዘም። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልነሳ ግን ሞተሪኖው ንጹሕ ነው፤ ነዳጁን አስመርምሩ። ቁልፉንም ከ10 ሴኮንድ በላይ ይዛችሁ አትቆዩ፤ ሞተሪኖው ይቃጠላል።

ወደ ጋራዥ ከሄዳችሁም መካኒኩ ሞተሪኖውን ፈትቶ በባትሪ እያዞረ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ካርቦን ብቻ ከሆነ ያለቀው፣ እርሱን መቀየር ሙሉውን ከመግዛት በእጅጉ ይረክሳል። አሮጌውን ዕቃ ተቀበሉና ለባለቤታችሁ አሳዩ። ይህ መጠራጠር አይደለም፤ የቤቱን ገንዘብ በብርሃን መያዝ ነው።

ምሳሌ 18፥13 ሳያዳምጥ መልስ የሚሰጥ ሰው እንደሚያፍር ያስተምረናል። በየማለዳው ጎረቤት ጠርቶ መኪና እየገፉ ማስነሳት ይቻላል፤ ብልሽቱ ግን እዚያው ነው። እኛም እንዲሁ በሽማግሌ ግፊት እየታረቅን፣ የላላውን ማሰሪያ ሳንነካ ዓመታት እናሳልፋለን። «ትዳሬ ሞቷል» የሚሉ አንዳንድ ባለትዳሮች ቀርበው ሲደመጡ፣ ያልተነገረ ዕዳ ወይም ያልተጠየቀ ይቅርታ ይገኛል። ያም ቢሆን መጽዳት አለበት፤ ዝገት በራሱ አይለቅም።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ከጸሎት በኋላ ሂሳቡን ጠረጴዛ ላይ አውጡና ተራ በተራ ተደማመጡ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!