ዳዊት የደገመ ሰው ማሰብ ያቆማል?

«መጽሐፍ የሚያምን ሰው በራሱ ጭንቅላት አያስብም፤ መጽሐፉ ያስብለታል።» ይህን ንግግር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንጅባራም ዳንግላም፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ እሰማዋለሁ። የሚሉት አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ ደርሰው የተመለሱ ልጆቻችን ናቸው። ታላላቆቹ ደግሞ «ተው ልጄ፣ አትድፈር፣ ይቀሥፍሃል» ይሏቸዋል። ጠይቆ ቁጣ የተመለሰለት ልጅ «ለካ መልስ የላቸውም» ብሎ ቢሄድ አይፈረድበትም።

እኔ ልጆቹ ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ስህተታቸው ግን ድፍረት አይደለም፤ የቅርባቸውን አለማየት ነው።

በአዊ ገጠር ያደገ ሰው የቆሎ ተማሪ ያልገጠመው የለም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። የምናውቀው ግን ቁራሽ ሲለምን ብቻ ነው፤ ቀኑን ምን ሲሠራ እንደሚውል የጠየቀ ጥቂት ነው። ቅኔ ቤት የገባ እንደሆነ የኔታ ዘርፈው ያሳዩታል። ከዚያ ከጓደኞቹ ይለይና አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ እሳቸው ያቃናሉ። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ ለጓደኞቹ መሳቂያ ነው። የእኛዎቹ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ ስማቸው የገነነው በዚህ ሙያ ነው።

ነገሩን ልብ በሉት። ይህ ልጅ ዳዊቱን በቃሉ የወጣ፣ የመጽሐፉን ቃል ያለ ጥርጥር የሚቀበል ነው። አፉን የፈታው በአውንጊ ሊሆን ይችላል፤ አሁን የሚያስበው በግዕዝ ነው። በየቀኑ ደግሞ ማንም ያላለውን እንዲል ይጠበቅበታል። ያመነበትን የነቢያት ታሪክ ሰም አድርጎ ወርቁን የደብሩን አለቃ ስስት የሚነካ ቢያደርገው፣ ቅኔው እስከሞላ ድረስ «ይበል!» ይባልለታል። እኔ በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህር ነበረን፤ ከሃንድአውቱ ቃል ወጥቶ በራሱ አነጋገር ለመለሰ ተማሪ ነጥብ ይቀንስ ነበር። ከሁለቱ ቤቶች የትኛው ሰውን ማሰብ እንደሚያስተምር አንባቢ ይፍረድ።

ከቅኔ ቤት ያለፈው መጽሐፍ ቤት ይገባል። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት የሚባሉት አራቱ ጉባኤያት የሚሄዱት በአንድምታ ነው። ለአንድ ኃይለ ቃል አንድ ትርጉም ይሰጣል፤ «አንድም» ይባልና ሌላ ይከተላል፤ እንደገና «አንድም»። ትርጉሞቹ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ፊት ለፊት ይጋጫሉ፤ መምህሩ ግን ሁሉንም ለተማሪው ያወርሱታል። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የሚለዩ ሁለት የትርጓሜ ቤቶች የኖሩትም በዚሁ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ልጆቹ እዚህ ላይ የሚያነሡት ክርክር አለ፤ ጠንካራ ስለሆነ አልዘለውም። አንድምታው አሥር ትርጉም ቢደረድር አሥራ አንደኛው «አንድም ጸሐፊው ተሳስቷል» ሊል አይችልም። አጥር አለው። እውነት ነው። ግን በአጥር ውስጥ የሚያስብ ሁሉ አያስብም ካልን፣ ሕጉን ሳይሽር ፍርድ የሚሰጠው ዳኛም አያስብም ልንል ነው። ከዚያም በላይ አጥሩ ራሱ ለአንዳንዶች መቆሚያ ሆኗቸዋል።

ደቂቀ እስጢፋኖስን ውሰዱ። በ15ኛው መቶ ዘመን ከትግራይ የተነሡ፣ ኋላም በጉንዳጉንዶ የጸኑ መነኮሳት ናቸው። ስግደት ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው አሉ፤ ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። ንጉሡ ደግሞ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነበር፤ ራሱ መጻሕፍት የጻፈና ያስጻፈ፣ በሃይማኖት ጉዳይ የማይታለፍ። ገረፋቸው፣ አሳደዳቸው፣ ብዙዎቹን አስገደላቸው። እነዚህ መነኮሳት ያን ሁሉ ግዛት በሚያስጎነብስ ንጉሥ ፊት ቀጥ ብለው የቆሙት ምን ይዘው ነው? መጽሐፉን ነው። ከመጽሐፉ በላይ የሆነ ሰው የለም ብለው ስላመኑ ዙፋኑን መጠየቅ ቻሉ። ታሪካቸውን ነፍሱን ይማረውና የግዕዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብሎ ባያቀርብልን ኖሮ ብዙዎቻችን ስማቸውንም አንሰማም ነበር።

ይኸው ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የአባ ኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት ክርክር፣ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆኖ ይከበር የሚለውን፣ ተቀብሎ አጽድቋል። እነሱም ከዚያ በፊት መቶ ዓመት ያህል ሲወገዙና ሲሰደዱ የኖሩ ነበሩ። በእስክንድርያ ከሚሾመው ጳጳስ ጋር የተሟገቱት መጽሐፍ እየጠቀሱ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር አለ። ጎጃም የቅባት ዋና ቤት ነበር። ከክርክሩ ሥር ያለው በሐዋርያት ሥራ 10፥38 ክርስቶስ ተቀባ የሚለው ቃል ነው፤ መቀባቱ ምን ማለት ነው? ሊቃውንቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በየጉባኤው ተከራከሩበት። በመካከሉ ደም ፈሷል፤ ይህን አላለባብሰውም። ግን ደሙ የፈሰሰው ነገሥታት ከአንዱ ወገን ቆመው ወታደር ባዘመቱ ጊዜ ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የመጨረሻውን ቃል የተናገረውም የዐፄ ዮሐንስ አዋጅ ነው። እንግዲህ ሐሳብን የዘጋው ማን ነው ብትሉኝ፣ እኔ ቤተ መንግሥቱን ነው የማሳየው።

ሰው መጽሐፍ ይዞ ማሰብ የሚያቆምበት ጊዜ የለም አላልኩም። አለ፤ ብዙም ነው። አንድ ጥቅስ ይዞ ሰማንያ አንዱን የያዘ የሚመስለው ሰው አደገኛ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደ አገራችን በገባበት ዘመን ጠበል ቦታ ሄደው ክኒናቸውን የጣሉ ወገኖቻችንን አስታውሱ። «እምነትህ ከጸና መድኃኒት ምን ያደርግልሃል» ያላቸው ሰው ጥቅስ አላጣም ነበር። የጎደለው ሌላው ገጽ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ያለ መጽሐፍ ነው፤ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ አስተዋይ ሰው መድኃኒትን እንደማይንቅም ይናገራል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሂዱ ሲሉ በይፋ ተናግረዋል። እነዚያን ሰዎች የጎዳቸው መጽሐፉን ማመናቸው ሳይሆን ሌላ ሰው መርጦ ባነበበላቸው አንዲት መስመር መታሠራቸው ነው። ዛሬ ያ አንባቢ በየስልካችን ገብቷል፤ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሃይማኖትን ጨርሶ ያስተምራል።

በሙስሊም ወንድሞቻችን ዘንድም ነገሩ ያው ነው። ከኪታብ እየቀራ ያደገ ደረሳ አራቱ መዝሀቦች (የሸሪዓ ትርጓሜ ቤቶች) በብዙ ፍርድ እንደሚለያዩ፣ ሁሉም ግን ከአንድ ቁርአን እንደሚነሡ ያውቃል። ይህን ያልቀራው ነው ቶሎ ሰው የሚያወግዘው።

መጽሐፉን የጣለውስ? የ1960ዎቹን ልጆች ማስታወስ ይበቃል። ብዙዎቹ ዳዊት ደግመው ያደጉ ነበሩ፤ ዳዊቱን አስቀምጠው ማርክስንና ሌኒንን አነሡ። ፓርቲዎቻቸው ኢሕአፓም መኢሶንም ማርክሲስት ነበሩ፤ ሁለቱም የሚጠቅሱት እነዚያኑ ሰዎች ነው። በትርጓሜ ተለያዩ፤ «አንድም» የሚል ግን በመካከላቸው ጠፋ። የተከተለውን መገዳደል እናቶች ያውቁታል። ቅዱስ መጽሐፍን መተው ብቻውን ሰውን ነጻ አሳቢ የሚያደርገው ቢሆን ኖሮ ያ ትውልድ የክርክር እንጂ የጥይት ትውልድ ባልሆነ ነበር።

ልጆቻችን ይህን ሁሉ ስነግራቸው የመጨረሻ ምስክር ያመጣሉ፤ ፈላስፋውን ዘርዓ ያዕቆብን። ከንጉሡ ጋር ስም እንጂ ሌላ አይጋራም። እ.ኤ.አ. በ1667 እንፍራዝ ላይ ጻፈው በሚባለው «ሐተታ» የሙሴን ሕግ፣ የመነኮሳትን ኑሮ፣ የጾምን ሥርዓት፣ የእስልምናንም ትእዛዝ በአእምሮው ሚዛን ይመዝናል። አጥሩን የዘለለው ኢትዮጵያዊ እነሆ ይላሉ። መልካም። ግን ይኸው ሰው ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማረ ነው፤ ሸሽቶ ዋሻ ሲገባም ዳዊቱን ይዞ ነው፤ ሲጸልይበትም ይኖራል።

ሌላም ነገር አለ። የሐተታው ቅጂ የተገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በሚባል ኢጣሊያዊ የካቶሊክ ሚስዮናዊ እጅ ነው፤ ወደ ፈረንሳዊው የብራና ሰብሳቢ አንቷን ዳባዲ የላከውም እሱ ነው። ኢጣሊያዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ሚስዮናዊው ነው ሲል ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ይህን ለአንዱ ወጣት ብነግረው ፊቱ ተለዋወጠ፤ የነጭ ሴራ ነው አለኝ፤ ማስረጃውን ልይ አላለም። የጥያቄን መጽሐፍ የማይጠየቅ መጽሐፍ አድርጎታል። ከዚያ ወጣትና ከመጽሐፍ ቤቱ ተማሪ የትኛው በራሱ ያስባል ብትሉኝ፣ ሳላመነታ ደበሎ ለባሹን እመርጣለሁ።

ለእንጅባራና ለዳንግላ አድባራት አለቆች አንድ ልመና አለኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብከቱ ሲያልቅ ወጣቱ በግልጽ የሚጠይቅበት ግማሽ ሰዓት ይኑር፤ «አላምንም» የሚለውም ሳይገሠጽ ይናገር። የሚመልስ ሰባኪ ከጠፋ ከገጠር የመጽሐፍ ቤት መምህር አስመጡ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ይህንኑ ነው።