ሁዳዴን አብሮን የጾመ ውሻ በፋሲካ ለምን ይራባል?

ዝም ልል ነበር። ዝም ባልኩ ቁጥር ግን ያው ነገር በየዓመት በዓሉ ይደገማል፤ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለፋሲካ የጎንደር ሰው አገር ቤት ይገባል። ዳባት፣ ደባርቅ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ጃናሞራ፣ ብቻ እናት አባት ወዳለበት። መናኸሪያው ስኳር፣ ዘይትና ቡና በተሸከመ ሰው ይጨናነቃል። ጥሩ ነው፣ እኔም ሄጃለሁ። ታዲያ የውጭው በር ተጠርቅሞ ሲቆለፍ ግቢው ውስጥ በሰንሰለት የታሰረ ፍጡር ይቀራል። ፊቱ ደረቅ እንጀራ ይቆለልለታል፣ አንድ ባልዲ ውኃ ይቀመጥለታል፣ በቃ። "ሦስት ቀን ነው እኮ!"

ባለፈው ፋሲካ አንድ ጎረቤቴ ይህንኑ አደረገ። ውሻው ባልዲውን በመጀመሪያው ቀን በሰንሰለቱ ጠልፎ ደፋው። ሁለት ሌሊት ጮኸ፣ በሦስተኛው አለቀሰ፣ በአራተኛው ዝም አለ። የረበሸኝ ዝምታው ነው። ሰውዬው በሦስት ቀን እመለሳለሁ ብሎ ወጥቶ መንገድ ተዘጋበትና በዘጠነኛው ቀን ገባ፤ ስልኩም አይሠራም ነበር። በአጥር ላይ ዳቦ ብወረውር ሰንሰለቱ አያደርሰውም። ውኃ ደግሞ አይወረወርም። "መምህሩ የሰው አጥር ሲዘል ተገኘ" እንዳልባል ፈርቼ ሳመነታ የ12 ዓመት ልጅ ቀደመኝ። ዘሎ ገባ፣ ሊያጠጣው ሲጠጋ እጁን ነከሰው። ውሻው ተከትቦ አያውቅም። ልጁ በየቀጠሮው መርፌ ሲወጋ ከረመ፤ እናቱ እንጀራ ሸጣ ነው የምታሳድገው። ተመስገን፣ ተረፈ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

"ቲቸር፣ ሰው በተቸገረበት ዘመን ስለ ውሻ ታወራለህ?" የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ አወራለሁ፣ የተነከሰው ሰው ነዋ! የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይገድላል ይላል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ የሚመጣው ከውሻ ነው። ፓስተር ክትባቱን ሰው ላይ የሞከረው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ዛሬም የተነከሰ ልጅ ይዘን መጀመሪያ ወደ ባህል መድኃኒት እንሮጣለን። ጸበሉንም ጠጡ፣ አልከለክልም፤ ቁስሉን ግን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

ታስሮ የተራበው ደግሞ እድለኛው ነው። ሌላው ውሻ "ራሱ ፈልጎ ይብላ" ተብሎ ይለቀቃል። ወደ ደጋው የተለቀቀ ውሻ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? ስሜን ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ነው የቀረው፣ ያውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ። ባሌ ላይ በተደጋጋሚ የፈጀው የቤት ውሻ ያጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቱሪስት መጥቶ ፎቶ እንዲያነሳው የምንመኘውን አውሬ በራሳችን ውሻ እናስጨርሳለን።

"ውሻ እርኩስ ነው" ለምትሉኝም፦ የአልዓዛርን ቁስል ማን ላሰው? ባለጸጋው አይደለም። 55 ቀን እኛ ስንጾም እሱም ጾሟል፤ ከጾመኛ ቤት ፍርፋሪ እንጂ አጥንት አይወጣም። ዶሮው ሲታረድ እሱ በተዘጋ ግቢ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ እውነቱ። ውሻው የሚራበው ሰው ጠፍቶ አይደለም፣ ቁልፍ ለሰው መስጠት ስለምንፈራ ነው። በእድር አብረን እንቀብራለን፣ ቡና እንጠራራለን፣ ልጆቻችንን አንዱ ለአንዱ ጥሎ ይሄዳል። የውጭ በር ቁልፍ ሲባል ግን ሁላችንም ሌባ ነን! የቤቱን ቆልፉና የግቢውን ስጡ፣ ምን ይጠፋል? የምጣድ ክዳን?

እኔ ባለፈው ገና ደባርቅ ስሄድ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ከባድ ነገር አይደለም። ከመሄዴ አንድ ሳምንት በፊት አንዱን የሰፈር ሊስትሮ በየማታው እየጠራሁ እሱ ራሱ እንዲያበላው አደረግኩ፣ ውሻው ሽታውን እንዲለምድ። በባልዲ ፈንታ የማይገለበጥ ከባድ የድንጋይ ገንዳ። ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያነሰ ብር ከፈልኩት። መንገዱ ቢዘጋስ ብዬ የተጨማሪ ቀን አስቀድሜ ሰጠሁት። የዶሮ አጥንት እንዳይሰጠው አስጠነቀቅኩ፣ የተቀቀለ ሲሰበር እንደ መርፌ ነው። የክትባቱን ካርድ በር ላይ ሰቀልኩ። ድመቷ? እሷ ከኔ የተሻለ ገና ሳትበላ አትቀርም።

ጎረቤቴ ይህን እንደሚያነብ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታችን በጭንቅላት ብቻ ሆኗል። ጋሼ፣ በመጪው በዓል ሲሄዱ ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ነኝ፣ ቡናው አይቀርም።