ብድር በደጅ ጥናት አይገኝም፤ በደብተር እንጂ



ሰሞኑን «ማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ ከልክሎ ሰዉን ብድር አሳጣው» የሚል ወሬ ከቡና ቤት እስከ ወፍጮ ቤት ይናፈሳል። ወሬን በወሬ ከመመለስ በጽሑፍ መመለስ ይሻላል ብለን ይህን ለጥፈናል። ቆም ብላችሁ አንብቡ፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት።

በመጀመሪያ ነገሩ ይለይ። ማኅበሩ «እገሌ በሰፈራችን ይኖራል፣ አባላችን ነው» ብሎ ይጽፋል። የማያርሰውን «ያርሳል»፣ ሱቅ የሌለውን «ነጋዴ ነው» ብሎ ግን አይጽፍም። አበዳሪው መጥቶ ሲያይ ውሸቱ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ የማኅበሩን ማኅተም ማን ያምነዋል? የአንዱ ውሸት የሁላችንን እውነት ይዞ ይጠፋል።

«ዘመድ ከሌለህ፣ ለደላላ ካልሰጠህ ብድር የለም» የሚሉም አሉ። በዚህ አነጋገር የሚጠቀመው ደላላው ብቻ ነው። «ለማስፈጸሚያ» እያለ ብድሩ ሳይወጣ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሌባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ያው ገንዘብ በራሳችሁ ስም ቢቀመጥ እኮ ከደላላው የተሻለ ምስክር ይሆናችኋል።

እርግጥ ባንኮችም ከወቀሳ አያመልጡም። ቤትና መኪና ለሌለው ሰው ብዙ ዘመን በራቸው ዝግ ነበር። ሕጉ ግን ተለውጧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትን፣ ሰብልንና የሥራ መሣሪያን በዋስትና ማስያዝ እንዲቻል አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የይዞታ ደብተር ያለው ገበሬ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ «ቤት ከሌለህ ሂድ» የሚል መስኮት ቢገጥማችሁ አዋጁን በቁጥሩ ጠርታችሁ ጠይቁ፤ ከከለከሏችሁም ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡን በሉ። ደግሞም የተከለከለ ሁሉ ዘመድ ስላጣ አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች ብድር በዓመት ከ14 ከመቶ በላይ እንዳያድግ ወስኖ ነበር። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም፣ ባንክ የሚያበድረው ሲያጥረው ወረቀቱ የተሟላለትን ማስቀደሙ የታወቀ ነው።

ታዲያ እኛስ? በደቦ አብረን እናጭዳለን፣ እቁብ እንጥላለን። ዓመታት ሙሉ አንድ ቀን ሳያዛንፍ እቁቡን የጣለ ሰው በመካከላችን አለ። ይህ ትልቅ ታማኝነት ነው። ባንክ ግን አያየውም፤ የተጻፈ የለማ! እንግዲህ ገንዘቡ ከመፈለጉ በፊት መሠራት ያለበት ይህ ነው።

አንደኛ፣ ስም። ስማችን በቁቤ አንድ ዓይነት፣ በአማርኛ ሌላ፣ በእንግሊዝኛ ሦስተኛ ሆኖ ይጻፋል። በፋይዳ፣ በባንክ ደብተርና በስልክ ቁጥር ምዝገባ ላይ አንድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ቁጠባ። ብድር በሚጠየቅበት ሳምንት ብዙ ገንዘብ አስገብቶ በማግስቱ ማውጣት ማንንም አያታልልም። 100 ብርም ትሁን፣ በየገበያው ማግስት ሳይቋረጥ ይግባ። በኪሳችን ያለው የኤቲኤም ካርድም የራሳችንን ገንዘብ ማውጫ እንጂ የብድር ካርድ እንዳልሆነ ይታወቅ።

ሦስተኛ፣ ሂሳብ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይገዛ። የተሸጠው፣ የተገዛው፣ የተረፈው በየቀኑ ይጻፍ። መጻፍ ለማይችል ልጁ ይጻፍለት፤ ለዚህ አይደል ያስተማርነው?

አራተኛ፣ የስልክ ብድር። የቴሌብር «መላ» ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ምቹ» ደግሞ ለአነስተኛ ነጋዴ፣ ያለ ቤት ዋስትና ያበድራሉ። የገንዘብ እንቅስቃሴያችሁንና አመላለሳችሁን አይተው ነው። «ትንሽ ናት፣ ማን ይጠይቀኛል» ብሎ መተው ግን ራስን መጉዳት ነው። ባንኮች የተበዳሪን መረጃ ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ስለሚያስተላልፉ፣ በአንዱ ያበላሸ በሌላው ይታያል።

አምስተኛ፣ የመክፈያ ጊዜ። የጤፍ ገበሬ በነሐሴ ክፈል ቢባል ከየት ያመጣል? ከመፈረማችሁ በፊት መክፈያው ከአዝመራ በኋላ እንዲሆን ጠይቁ። ገንዘቡ ለምን ሥራ እንደሚውልም ቁርጡን ተናገሩ፤ «ለችግር ነው» ያለውን ሰው አበዳሪ ይሸሸዋል።

ስድስተኛ፣ ዋስ። የቀድሞው ኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ፣ ማለት የዛሬው ሲንቄ ባንክ፣ በቡድን ዋስትና ሲያበድር እንደታየው አንዱ ከቀረ ሌሎቹ ይከፍላሉ። ስለሆነም በይሉኝታ አትፈርሙ። ለሰርግ ለሚበደር ፈርሞ በሬውን የሚሸጥ ሰው ደግ አይባልም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ቢባል፣ ሌላው በር የአራጣ በር ስለሆነ ነው። 10,000 ብር በወር 10 ከመቶ የተበደረ ሰው በዓመት ወለዱን ብቻ 12,000 ብር ይከፍላል፤ ዋናው ዕዳ እንዳለ ነው! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግለሰቦች በሚዋዋሉት ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 ከመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ ይህም ለዚያው 10,000 ብር 1,200 ብር መሆኑ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን በአንቀጽ 712 ያስቀጣል። ደብተር ለመያዝ የሰነፈ ሰው ግን በገዛ እግሩ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል።

ስለዚህ ማኅበሩን ውሸት ጻፍልን ብላችሁ አትለምኑ። እውነቱን አምጡ፤ እንጽፋለን። ስሙን ለማስተካከል ወይም ሂሳብ አያያዝ ለማየት የፈለገ አባል ደብተሩን ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ይምጣ። ክፍያ የለውም። ክፍያ አለው የሚላችሁ ካለ፣ እሱ ከላይ የተባለው ደላላ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ደንዲ፣ ጊንጪ