አገራችንን እንወቅ፦ ከአርባ ምንጭ እስከ አርቦሬ

ዛሬ አብረን መንገድ እንሂድ።

የደቡብ ኦሞ በልግ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በሚያዝያ እኛ ሦስት አስተማሪዎች ከአርባ ምንጭ ተነሣን። ገንዘባችን ትንሽ ነበር። ስለዚህ ሦስት ቦታ ከፈልነው፤ አንዱን ለመኪና፣ አንዱን ለምግብ፣ አንዱን ለመመለሻ። የመመለሻውን ላንነካ ተስማማን።

መጀመሪያ ኮንሶ ደረስን። ከተማው ካራት ይባላል። የኮንሶ ገበሬ ተራራውን በድንጋይ እርከን ደርድሮታል። ጎርፍ አፈሩን አይወስድበትም። ይህ የአባቶች ሥራ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እዚያ ኩርኩፋ በላን። ከማሽላ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል ይሠራል። ርካሽ ነው፤ ሆድም ይይዛል።

ከኮንሶ ቁልቁል ወርደን ወይጦ ገባን። ሙቀቱስ አይጣል ነው! እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በቀይ አፈር በኩል ወደ ጂንካ ይወጣል። ሌላው ወደ ደቡብ፣ ወደ አርቦሬ ይሄዳል። በጭነት መኪና ወደ አርቦሬ ጉዞ ጀመርን። ሌሊት ዘንቦ ኖሮ ደረቁ ወንዝ ሞልቷል። ሹፌሩ፣ «ውሃው ሳይጎድል አልገባም» አለ። ግማሽ ቀን ጠበቅን። ልክ ነበር፤ ድንገተኛ ጎርፍ መኪና ይወስዳል።

አርቦሬዎች ከብት ያረባሉ፤ ማሽላም ይዘራሉ። ያላገቡ ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ይላጫሉ። አንገታቸው በጨሌ ያጌጠ ነው። ከእኛ አንዱ ስልኩን አውጥቶ አንዲትን ልጅ ፎቶ አነሣ። አልጠየቃትም። ልጅቷ ፊቷን በጨርቅ ሸፈነች። አንድ ሽማግሌ መጡ። አንድ ወጣት አስተረጎመልን።

«ፍየሌን ልትወስዱ ብትፈልጉ ትጠይቁኛላችሁ። የልጅቷን መልክ ስትወስዱ ለምን አልጠየቃችሁም? ለማንስ ልታሳዩት ነው?» አሉን።

መልስ አጣን። ማስተማር ሥራችን ነው፤ ያን ቀን ግን ተማሪዎቹ እኛ ሆንን። ፎቶውን እፊታቸው አጠፋነው። ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቅናት። እሷ ግን ምንም ሳትመልስ ተነሥታ ሄደች።

ሽማግሌው አላባረሩንም። «ተቀመጡ» ብለው ስለ እርሻቸው ነገሩን። የወይጦ ወንዝ ወደ ጨው ባሕር ይወርዳል። ሲሞላ ሜዳውን ያለብሰዋል። ውሃው ሲሸሽ እርጥብ አፈር ይቀራል። ማሽላው በዚያ ላይ ይዘራል። ጎርፉ ካነሰ እህል ያንሳል። ከበዛ ደግሞ ቤትና ከብት ይወስዳል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በኮንሶ ጎርፍ በድንጋይ ይታገዳል፤ በአርቦሬ ጎርፍ ይጠበቃል። ሁለቱም እውቀት ነው። ሁለቱም ከደብተር አልተገኘም።

ሐሙስ ቀን ቀይ አፈር ገበያ ደረስን። በናው፣ ሐመሩ፣ ፀማዩና አሪው ይገናኙበታል። ማር፣ ቅቤ፣ ቅልና የቡና ገለባ ይሸጣል። ስልካችንን ከኪሳችን አላወጣንም። ስም ጠየቅን፣ ዋጋ ጠየቅን፣ ሰላምታ ተማርን። ለዚህ ገንዘብ አልወጣም። የመመለሻችንም ሳይነካ ማታ ጂንካ ገባን።

እንወያይ፦
1. በኮንሶና በአርቦሬ የጎርፍ አያያዝ ምን ልዩነት አለ?
2. ሽማግሌው ፎቶን ከፍየል ጋር ያመሳሰሉት ለምንድን ነው?
3. እንግዳ ወደ ሰፈራችሁ ቢመጣ አስቀድሞ ምን እንዲጠይቃችሁ ትፈልጋላችሁ? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።