«ላንሳ?» ማለት ምን ያስቸግራል?
ሽሮ ሜዳ ካሉት የባህል ልብስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ፣ ዋጋ እንኳ ሳይጠይቁ፣ የተሰቀለውን ቀሚስ ጥለት ስልክ አስጠግቶ ማንሳት አሁን አሁን እንደ መብት ተይዟል። ባለሱቁ ሲቆጣ «ምን አለበት፣ ዲሲ ላለችው እህቴ ላሳያት ነው» ይባላል። ይሆናል። ግን ያው ፎቶ ሌላ ሸማኔ ዘንድ ደርሶ «ይህችን በቅናሽ ሥራልኝ» ሲባልበት፣ ጥለቱን ለማውጣት የተደከመው፣ ቀለሙ አልስማማ ብሎ የተፈታው ክር ሁሉ በነጻ ሄደ ማለት ነው። ቁጣው ክፋት አይመስለኝም፤ እንዲያውም የባለሱቆቹ ትዕግሥት ይገርመኛል። የሚነሳው ሰው ሲሆንማ ይብሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ እንደ ሕዝባዊ ሥነ ሥርዓት ላሉት ጉዳዮች በር ይከፍታል እንጂ፣ ካፌ ውስጥ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ረከቦቷ ፊት ስለተቀመጠች ብቻ የቲክቶክ ጌጥ ትሁን አይልም። ከኋላ ምሳውን የሚበላው ሰውዬም እንዲሁ። እምቢ ካሉ ስልኩን ኪስ መክተት ነው፤ «ደንበኛ ነኝ እኮ» የሚለው ክርክር አይገባኝም፣ የተከፈለው ለማኪያቶው ነው። ግድግዳቸውን በአበባ አስጊጠው «አንሡን፣ ልቀቁን» የሚሉት አዳዲስ ካፌዎች ግን ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም።