የአማካሪ ድርጅቶች ቃለ መጠይቅ፤ «እኛ» ባዩ እጩ ለምን ይከስራል?

በመርካቶ ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ የጠያቂውን ዲፕሎማ አያይም። ሰውየው ከማን ጋር ሲሠራ እንደቆየ፣ ባለፈው ዕቃ ሲዘገይበት ምን እንዳደረገ፣ ዕዳውን በቀጠሮው ቀን ከፍሎ እንደሆነ ያጣራል። ነገ የሚያደርገውን የሚገምተው ትናንት ካደረገው ተነስቶ ነው። በዓለም ስመ ጥር የሆኑት የማኔጅመንት አማካሪ ድርጅቶችም አዲስ ሠራተኛ ሲመርጡ ከዚህ እምብዛም የተለየ ነገር አያደርጉም። ወደ እነዚህ ድርጅቶች ለመግባት ከሚወዳደሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ግን ይህን የዱቤ ሂሳብ ሳይረዱት ጠያቂዎቹ ፊት ይቀርባሉ።

ማኪንዚ እ.ኤ.አ. በ1926 በቺካጎ፣ ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ በ1963፣ ቤይን ደግሞ በ1973 በቦስተን የተቋቋሙ ናቸው። ሦስቱም መጋዘን የሚሞላ ሸቀጥ የላቸውም፤ ለገበያ የሚያቀርቡት የሠራተኞቻቸውን ዕውቀትና ጊዜ ነው። ማኪንዚ በአዲስ አበባም ቢሮ ከፍቶ ሠርቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተው የባንክ ሥራ አዋጅ መጽደቁ፣ በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ መከፈቱ የሀገር ውስጥ ኩባንያዎችን ካልለመዱት ጥያቄ ጋር አፋጥጧቸዋል። ስለሆነም የአማካሪነት ሙያ የሩቅ ሀገር ወሬ ብቻ አይደለም። ልጁን ለዚህ ሥራ የሚያስተምር ወላጅም፣ ሥራ አስኪያጅ ወይም አማካሪ የሚቀጥር ባለሀብትም ጉዳዩ ይመለከተዋል።

የእነዚህ ድርጅቶች ቃለ መጠይቅ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው «ኬዝ» የሚባለው ነው። የአንድ ኩባንያ ችግር ይቀርባል፤ ለምሳሌ ትርፉ ለምን እንደቀነሰ ይጠየቅና እጩው እያሰላ መልስ ይፈልጋል። ሁለተኛው የእጩውን ማንነትና ለሥራው ያለውን ተስማሚነት የሚመዝነው ነው። «ስለ ራስዎ ይንገሩን»፣ «ያልተስማማዎትን ሰው ያሳመኑበት ጊዜ ነበር?»፣ «ሳይሳካልዎት የቀረ ሥራ አለ?»፣ «ለምንስ የእኛን ድርጅት መረጡ?» የሚሉት ጥያቄዎች እዚህ ይመደባሉ። እጩዎች ለመጀመሪያው ሳምንታትን ሲያጠኑ ይከርሙና ሁለተኛውን እንደ ሻይ ቤት ጨዋታ ይቆጥሩታል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አንድ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሰላሳ ዓመት በሥራው ላይ ከቆየ ሥራ አስኪያጅ ጎን ተቀምጦ «ይህ አሠራርዎ ያከስርዎታል» ማለት ይኖርበታል። ደንበኛው ደግሞ ለዚህ ምክር ከፍተኛ ዋጋ ከፍሏል። የተሳሳተ ስሌት በማግስቱ ሊታረም ይችላል። ደንበኛውን ያስቀየመ ወይም ነገር ሲጠብቅ የሚሸሽ ሠራተኛ ያደረሰው ጉዳት ግን በቀላሉ አይጠገንም። ድርጅቱ በስሙ ዋስ ሆኖ የሚልከውን ሰው ጠባይ ቢመረምር የሚያስገርም አይደለም።

ይህን ለመመርመር የተለመደው ዘዴ ስላለፈ ድርጊት መጠየቅ ነው። ዲዲአይ የተባለው የአሜሪካ የሰው ኃይል ድርጅት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋው ስልት መልሱን በአራት ይከፍለዋል፤ ሁኔታው፣ የተጣለው ኃላፊነት፣ የተወሰደው እርምጃና ውጤቱ። ከአራቱ ሚዛን የሚደፋው ሦስተኛው ነው። እጩው ራሱ ምን አደረገ?

ኢትዮጵያዊው እጩ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ራስን ማወደስ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ቤት ያደገ ሰው «ፕሮጀክቱን ጨረስን»፣ «ተነጋገርንና ተስማማን» ይላል። ጠያቂው «እርስዎስ ምን አደረጉ?» ሲለው ይደነግጣል፤ ወይም አንገቱን ደፍቶ «ሁላችንም ተባብረን ነው» ብሎ ይደግማል። ለእሱ ይህ ጨዋነት ነው። ለጠያቂው ግን ባዶ መዝገብ ነው። እጩው ሠርቶ ይሁን ሌሎች ሲሠሩ ቆሞ ሲያይ ከርሞ ይሁን የሚለይበት መንገድ የለውም።

መፍትሔው ጉራ አይደለም። በሽርክና የተቋቋመ ንግድ ሂሳቡ ሲተሳሰብ እያንዳንዱ ሸሪክ መዋጮውን ይናገራል። «እኔ ይህን ያህል አገባሁ፣ እሱ ያን ያህል አገባ» ማለት ትዕቢት ተብሎ አያውቅም። ቃለ መጠይቅም እንዲሁ የመዋጮ መተሳሰቢያ ነው። የባልደረባን ድርሻ ሳይሰርቁ የራስን ድርሻ ሳይደብቁ መናገር ሐቀኝነት ነው።

ሌላው ችግር የታሪክ ምርጫ ነው። በእህል በረንዳ በአባቱ መደብር ያደገ አንድ እጩ እንበል። ስለ መደብሩ መናገር ያሳፍረውና በዩኒቨርሲቲ ክበብ ስለመራው ስብሰባ ያወራል። ሆኖም አባቱ ለአንድ አበልጃቸው በዱቤ ላይ ዱቤ ሲጨምሩ ያየው፣ ያልተከፈለውን በደብተር መዝግቦ ያሳያቸው እሱ ነው። አባት «አበልጄን አላስቀይምም» ብለው እምቢ ሲሉ ዕዳው በየሳምንቱ ተከፋፍሎ እንዲገባ ሐሳብ አቅርቦ ያስማማው፣ አበልጁንም ሄዶ ያነጋገረው እሱ ነው። እዚህ ውስጥ ቁጥር አለ፣ ተቃውሞ አለ፣ ከትልቅ ሰው ጋር መከራከር አለ፣ ውጤት አለ። ጠያቂው የሚፈልገው ይህንኑ ሲሆን እጩው ግን ቤቱ ትቶት ይመጣል።

ከሰው የተበደረ ወይም በቃል የተሸመደደ ታሪክም አያዋጣም። በተለይ ማኪንዚ በአንድ ታሪክ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቶ እየቆፈረ በመጠየቅ ይታወቃል። «ያን ጊዜ ሰውየው ምን መለሱ? ምን አስበው ነበር? ሌላ አማራጭስ አልነበረም?» ሲባል ተውሶ የመጣ ሰው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይሰናከላል። «ድክመትዎ ምንድን ነው?» ሲሉት «ሥራ አበዛለሁ» የሚል መልስም ማንንም አያታልልም። የሚሻለው በትክክል የተሳሳቱበትን ተናግሮ ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ማሳየት ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱ እንደ ንግድ መዝገብ ቢያዝ ይበጃል። ከራስ ሕይወት አምስት ወይም ስድስት ታሪኮችን መርጦ የእያንዳንዱን ቀን፣ መጠን፣ ክርክርና ውጤት በአጭሩ መጻፍ ያስፈልጋል። ሙሉውን መሸምደድ ሳይሆን ዋና ዋናውን መያዝ ይበቃል። ከዚያ ለወዳጅ እየተናገሩ «አንተስ ምን አደረግህ?» እንዲል መፍቀድ ነው። «ለምን የእኛን ድርጅት?» ለሚለውም በስሙ ታዋቂ መሆኑን ከማወደስ ይልቅ እዚያ የሚሠራ ሰው አነጋግሮ የተረዱትን መጥቀስ ክብደት አለው።

በሌላ በኩል ይህ ጥያቄ ራሱ አድሏዊ ነው የሚሉ አሉ፤ ቅሬታቸውም መሠረት አለው። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሎረን ሪቬራ በአሜሪካ ታላላቅ የሕግ፣ የኢንቨስትመንት ባንክና የአማካሪ ድርጅቶች ሠራተኛ የሚመርጡ 120 ሰዎችን አነጋግራ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው ጥናት፣ መራጮቹ በትርፍ ጊዜ ልማድና በአነጋገር እነሱን ለሚመስል እጩ እንደሚያደሉ አሳይታለች። «ይስማማናል» የሚለው ቃል «ይመስለናል» ወደሚለው በቀላሉ ይንሸራተታል። በዘመድና በትውውቅ መቅጠር ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ነጋዴ ይህ አይጠፋውም።

መድኃኒቱ ግን ጥያቄውን መተው ሳይሆን ሥርዓት ማስያዝ ነው። ለሁሉም እጩ አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብና መልሱን አስቀድሞ በተወሰነ መመዘኛ ነጥብ መስጠት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ የቀደሙ ጥናቶችን መልሰው ሲገመግሙ፣ የወደፊት የሥራ ውጤትን በመተንበይ ከመምረጫ ዘዴዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ያገኙት ይህን መሰል ሥርዓት ያለው ቃለ መጠይቅ ነው። ሥራ አስኪያጁን በአንድ ስኒ ቡና ጨዋታ የሚቀጥር ባለሀብት ይህን ቢያስብበት ገንዘቡን ያድናል።

ሚዛኑን ማስተካከል የቀጣሪው ፋንታ ነው። እህሉን አበጥሮ ወደ ገበያ ማውጣት ደግሞ የእጩው። የደከመበትን ሥራ «እኛ» በሚል ጆንያ ውስጥ ከትቶ የሚቀርብ ወጣት፣ ሌላው በዋጋው ሲሸጥ እሱ ሸቀጡን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።