«ተታለሃል» ከማለታችን በፊት

ሰሞኑን ከላይ ጋይንት አንድ አባት ደውለው ያጫወቱኝ ነገር የብዙ ቤት ጉዳይ ስለሆነ የዛሬውን አምድ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

የበኩር ልጃቸው መተማ በረሃ ለዓመታት ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ፣ እሳቸውም ሁለት ወይፈን ሸጠው ጨምረውበት፣ አራት ሲሊንደር ያለው አሮጌ ትራክተር ገዙ። እዚያው ቆላ ሲሞከር ወዲያው ተነሳ። ነፋስ መውጫ አካባቢ ከደረሰ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት አልነሳም አለ። የጠሩት መካኒክ በመለኪያ ለክቶ «ኮምፕሬሽኑ ወድቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» አላቸው። አባት ልጃቸውን «ተታለሃል!» አሉት። ልጅም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአባቱ ጋር ማዕድ አይቀርብም። «አሁን የቀሩኝን ጥማድ በሬዎች ልሽጥ ወይስ ብረቱን ልሽጠው?» ነው ጥያቄያቸው።

«አባቴ፣ ለጊዜው ምንም አይሽጡ» አልኳቸው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አፍኖ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀ አየር ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ ይቀጣጠላል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ልጅ ሁሉ መንፊያው እንዴት እንደሚሞቅ ያውቃል። ኮምፕሬሽን የምንለው ይህንኑ የመጨመቅ ኃይል ነው። አየሩ በሆነ ቦታ ካመለጠ ሞተሩ የተቀደደ ወናፍ ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን የሚጨመቀው አየር ራሱ ከአገር አገር ይለያያል። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 30 በመቶ ያህል፣ ከመተማው ደግሞ ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የፋብሪካው መመሪያ ለምሳሌ 28 ባር ቢል፣ ደህና ሞተር ነፋስ መውጫ ላይ 20 ባር ገደማ ቢያሳይ በሽታ አይደለም። መካኒኩ በትክክል ለክቶ ሊሆን ይችላል፤ ያነጻጸረው ግን ከባሕር ዳርቻ ቁጥር ጋር ነው። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ደጋማ ቀበሌዎች ሁሉ፣ ለወፍጮ ቤት ሞተርም ጭምር፣ ይህ መታወቅ አለበት። በደጋ ዋናው ነገር ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ካነሰ ያኔ ይጠርጠር።

መለኪያ ከመጠራቱ በፊት ደግሞ ብዙ ወጪ የሌላቸው ነገሮች ይታዩ። ባትሪው ሙሉ ነው? በውርጭ ጠዋት የደከመ ባትሪ ሞተሩን ቀስ ብሎ ሲያዞረው አየሩ ሳይግል ያመልጣል። ዘይቱስ? ለበረሃ የተሞላ ወፍራም ዘይት በደጋ ብርድ ሞተሩን አንቆ ይይዘዋል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ እንደሆነ ይጸዳ። የቫልቮቹ ክፍተት ይስተካከል፤ ክፍተት ያጣ ቫልቭ ሳይዘጋ ይቀርና አየር ያሳልፋል። ሞቶሪኖው ሲዞር በማርሚታው ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣው አልደረሰም ማለት ነው። ነጭ ጭስ ከወጣ ግን ናፍጣው ደርሶ አልነድ ብሏል።

ከዚህ በኋላ ልጁን በስልክ አገናኙኝ። ባትሪውን አስሞላ፣ ዘይቱን ቀየረ፣ ማጣሪያውን አጸዳ፣ የቫልቮቹን ክፍተት አስተካከለ። የናፍጣ መርጫዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የናፍጣው መስመር ተዘግቶ፣ ከመካኒኩ ጋር አራቱንም ሲሊንደር በየተራ ለኩ። 20፣ 20፣ 13፣ 19። ሦስቱ ለአገሩ ደህና ናቸው፤ ሦስተኛው ታሟል።

ቀጥሎ በሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ደግመው ለኩ። ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኖ ቁጥሩን ከፍ ቢያደርገው ኖሮ ያረጀው ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ወይም ሲሊንደሩ ነበር። እንዲያ ከሆነ በእርግጥም ሞተሩ ይወርዳል። ከማንኪያ በላይ ግን አይጨመር፤ ዘይት አይጨመቅምና ሞተር ሊሰብር ይችላል። ቁጥሩ እዚያው 13 ላይ ቆመ።

በመጨረሻ ያንን ፒስተን ሁለቱም ቫልቮች በሚዘጉበት ጫፍ ላይ አቁመው፣ በመርጫው ቀዳዳ በኩል ከጎሚስታ ቤት ባመጡት ኮምፕሬሰር አየር ነፉበት። ሞተሩ ድንገት ሊዞር ስለሚችል ማንም እጁን ማራገቢያው አጠገብ አላደረገም። ከዚያ ማዳመጥ ነው። ፉጨቱ በዘይት መሙያው ከመጣ ፋሻ፣ በአየር ማስገቢያው ከመጣ የማስገቢያው ቫልቭ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃው ከተንተከተከ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። የእነሱ በማርሚታው በኩል ነበር የሚያፏጨው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ተቃጥሏል።

የወረደው ቴስታታው ብቻ ነው። አንድ ቫልቭ ተቀየረ፤ መቀመጫው ተስተካከለ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። በሬዎቹም ከበረታቸው አልወጡም። በቆላው ሙቀትና ወፍራም አየር የተደበቀው ሕመም በደጋው ብርድ ታየ እንጂ ልጁ የሞተ ሞተር አልገዛም።

ለወላጆች አንድ አደራ አለኝ። አልነሳ ያለ ሞተር አፍ ላይ እሳት የያዘ ጨርቅ መደቀን በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ልጆቻችሁ ሲያደርጉት ዝም አትበሉ። ከመርጫው በኃይል የሚወጣው ናፍጣም ቆዳ በስቶ ስለሚገባ እጅ አይደቀንበትም። ቁስሉ ቢያንስም ወዲያው ሐኪም ቤት ያስኬዳል።

ልጁ ደውሎ አራቱን ቁጥሮች ሲያነብልኝ ከጎኑ የአባቱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ «ሦስተኛዋን ድገምለት፣ በደንብ ይስማት!» እያሉ። ቁጥሮቹንና ቀኑን ደብተር ላይ እንዲጽፉ ነግሬያቸዋለሁ። ለከርሞ ሲለኩ የሚያነጻጽሩት ከዚያ ጋር ነው።